ቀጠሮው የማያልቅ በሽታ፦ ከሽንት ፊኛ ካንሰር ጋር ስለመኖር

(በማኅበራችን 25ኛ ዓመት የብር ኢዮቤልዩ በዓል ላይ ከአባላት አንዱ ለቤተሰቦች ያደረጉት ንግግር፤ ናይሮቢ)





የበዓሉ አዘጋጅ ኮሚቴ ስለ ጤና አንድ ነገር እንድናገር ሲጠይቀኝ «እኔ ባለሱቅ ነኝ እንጂ ሐኪም አይደለሁም» ብዬ ነበር። ልጆቹም «ሐኪሞቹን ሌላ ጊዜ እንጠራቸዋለን፤ እርስዎ ግን ያስታመሙ ሰው ነዎት፣ የሚያውቁትን ይንገሩን» አሉኝ። ስለዚህ ዛሬ የምናገረው ታላቅ ወንድሜን የሽንት ፊኛ ካንሰር ከያዘው ወዲህ ባሳለፍናቸው አምስት ዓመታት ያየሁትንና ከሐኪሞች የሰማሁትን ነው። ወንድሜ እዚሁ አዳራሽ ውስጥ ተቀምጧል። ስለ እሱ እንድናገር ፈቅዶልኛል። እንዲያውም «ሽንት የሚለውን ቃል ሳትሸፋፍን ጥራው» ብሎኛል። በእንዲህ ያለ የደስታ ቀን ስለዚህ በማንሳቴ ይቅርታ ታደርጉልኛላችሁ።

በደስታ ቀን ማንሳቴ ግን ያለ ምክንያት አይደለም። ማኅበራችን በ25 ዓመት ውስጥ ብዙ ሠርቷል። ሰው ሲሞትብን ድንኳን ተክሏል፣ አስከሬን ወደ አገር ቤት ልኳል፣ ለታመመ ገንዘብ አሰባስቧል፣ የታሰረ አስፈትቷል። ይህ ሁሉ አንድ ጊዜ መጥቶ ለሚያልፍ ችግር የሚሆን እርዳታ ነው፤ እሱን እናውቅበታለን። የፊኛ ካንሰር ግን አንድ ጊዜ መጥቶ አያልፍም። ሄደ ሲሉት ይመለሳል። ተመለሰም አልተመለሰም ደግሞ ለዓመታት መፈለግ አለበት። ስለዚህ ይህ በሽታ የያዘው ሰው የሚፈልገው አንድ ቀን መቶ ሰው እንዲመጣለት ሳይሆን፣ ለብዙ ዓመት አንድ ሁለት ሰው እንዳይለየው ነው። የንግግሬ ሁሉ ቁም ነገር ይኸው ነው።

መጀመሪያ ስለ ምልክቱ ልናገር። የፊኛ ካንሰር ብዙውን ጊዜ የሚታወቀው ከሽንት ጋር በሚወጣ ደም ነው። አንዳንዴ እንደ ሻይ የጠቆረ፣ አንዳንዴ ሥጋ የታጠበበት ውኃ የመሰለ፣ አንዳንዴም ደማቅ ቀይ ይሆናል። ሰውን የሚያታልለው ሁለት ነገር ነው። አንደኛው አለማመሙ ነው፤ እኛ ደግሞ ካላመመን ሐኪም ቤት አንሄድም። ሁለተኛው በራሱ ጊዜ መቆሙ ነው። ዛሬ ታይቶ ነገ ይጠፋና ለሳምንታት፣ አንዳንዴም ለወራት አይታይም። ሰውየውም «ብርድ ነበር፣ ለቀቀኝ» ብሎ ይተወዋል።

ወንድሜ ለመጀመሪያ ጊዜ ያየው በጾም ወቅት ስለነበር የቀይ ሥሩ ሰላጣ ነው ብሎ ተወው። እውነት ነው፣ ቀይ ሥር ሽንት ያቀላል። ነገር ግን ቀይ ሥር ሳይበላም ደሙ ተመልሶ መጣ። ከዚያ በኋላ ስምንት ወር ሙሉ ለባለቤቱ እንኳን ሳይናገር ቆየ። ለብቻው ወደ አንድ ክሊኒክ ሄዶ «የሽንት ቧንቧ ኢንፌክሽን ነው» ተብሎ ሦስት ጊዜ እንክብል ተሰጠው። በሦስቱም ጊዜ ፊኛውን ያየለት አልነበረም። በመጨረሻ አንድ ሌሊት የረጋ ደም ሽንቱን ዘግቶት እያቃሰተ ሲነሳ ነው ቤተሰቡ ያወቀው። አባቶቻችን «በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም» ያሉት ለእንዲህ ያለው ነው።

ስለዚህ ይህን ያዙልኝ፦ ማንም ሰው፣ በተለይ ዕድሜው ከአርባ ያለፈ፣ አንድ ጊዜም ቢሆን በሽንቱ ደም ካየ ይመርመር። ቢቆምም ይመርመር። በሽታው በወንዶች ላይ ከሴቶች ሦስት አራት እጥፍ ይበዛል። ሴቶች ግን ይበልጥ ዘግይተው ይታወቅባቸዋል፤ ደሙን የወር አበባ ወይም ኢንፌክሽን ነው እያሉ ስለሚያሳልፉት ነው። የወር አበባዋ ከቆመ በኋላ ደም ያየች እናት «ዕድሜ ነው» ብላ መቀመጥ የለባትም። ምርመራው የሽንት ምርመራና አልትራሳውንድ ብቻ ሆኖ መቅረት የለበትም፤ አልትራሳውንድ ትንንሹን ሊያልፈው ይችላል። ቁርጡን የሚናገረው ሳይስቶስኮፒ የሚባለው ነው፤ ካሜራ ያለበት ቀጭን ቱቦ በሽንት መውጫው በኩል ገብቶ የፊኛውን ውስጥ ያሳያል። ሲናገሩት ያስፈራል እንጂ ቦታውን አደንዝዘው በጥቂት ደቂቃ የሚጨርሱት ነው።

«ከየት መጣብኝ?» ብሎ የማይጠይቅ በሽተኛ የለም። አንዳንዱ እርግማን ነው ይላል፣ ሌላው የሰው ዓይን ነው ይላል። ሐኪሞቹ የነገሩን ሌላ ነው። ከምክንያቶቹ ሁሉ የሚበልጠው ሲጋራ ነው፤ ከታማሚዎቹ ግማሽ ያህሉን ያሳመመው እሱ ነው ይባላል። የሲጋራው መርዝ በሳንባ ገብቶ በደም ይዞርና ኩላሊት አጣርቶ ወደ ፊኛ ይልከዋል። ፊኛ ደግሞ ሽንቱን ለሰዓታት ይዞ ስለሚቆይ መርዙ ግድግዳው ላይ ይተኛል። ሁለተኛው በሥራ ቦታ የሚገኝ ኬሚካል ነው፦ የቀለም፣ የማቅለሚያ፣ የጎማና የቆዳ ፋብሪካ ሥራ። ወንድሜ በወጣትነቱ ጋራዥ ውስጥ የመኪና ቀለም ይቀባ ነበር፤ ሲጋራም 25 ዓመት አጭሷል። ከሁለቱ የትኛው እንዳሳመመው ሐኪሞቹም ለይተው አልነገሩንም። ልጆቻችሁ ጋራዥ የሚሠሩ ከሆነ ግን የአፍና የአፍንጫ መሸፈኛና ጓንት ግዙላቸው። ሲጋራ የምታጨሱም ዛሬውኑ ተዉት። ከታመሙ በኋላም ቢሆን ማቆም ይጠቅማል።

ሦስተኛው ምክንያት የእኛን አካባቢ በይበልጥ የሚመለከት ነው፤ ቢልሃርዚያ። ሁለት ዋና ዋና ዓይነት አለው። በጣና ዙሪያና በብዙ የደጋ ወንዞቻችን ያለው አንጀትን የሚጎዳው ነው። በመካከለኛውና በታችኛው አዋሽ፣ በጋምቤላ፣ በቤኒሻንጉል ጉሙዝ፣ እዚህ ኬንያ ደግሞ በባሕሩ ጠረፍ በኩዋሌና በታና ሪቨር ያለው ፊኛን የሚጎዳው ነው። ይህ ሁለተኛው ለብዙ ዓመት ሳይታከም ከቆየ ወደ ካንሰር ሊለወጥ ይችላል። መድኃኒቱ ፕራዚኳንቴል የሚባል እንክብል ነው፤ ርካሽ ነው፣ ይገኛልም። ቢልሃርዚያን የሚያስተላልፈውን ቀንድ አውጣ በመዋጋት ስሙ የሚነሣው ደግሞ የራሳችን ሰው ነው። ዶክተር አክሊሉ ለማ እ.ኤ.አ. በ1964 አድዋ ላይ ሴቶች በእንዶድ ልብስ ከሚያጥቡበት ወንዝ ቁልቁል ቀንድ አውጣዎች ሞተው አይተው ምርምራቸውን ጀመሩ፤ ከዶክተር ለገሰ ወልደዮሐንስ ጋርም እ.ኤ.አ. በ1989 ራይት ላይቭሊሁድ የተባለውን ዓለም አቀፍ ሽልማት ተቀብለዋል። እነሱ በልብስ ማጠቢያ እንዶድ ይህን ያህል ከሠሩ፣ እኛ ልጆቻችን በቆመ ውኃ ውስጥ እንዳይዋኙ መምከር አያቅተንም።

አሁን ወደ ሕክምናው ልለፍ። በዓለም ላይ በዓመት ከ600 ሺህ በላይ ሰው በዚህ በሽታ ይያዛል። ከአራት ታማሚዎች በሦስቱ ያህል በሽታው ሲገኝ ገና የፊኛውን የውስጥ ሽፋን ብቻ የያዘ ነው፤ ወደ ጡንቻው አልገባም። ይህ ታላቅ የምሥራች ነው። ሐኪሙ በዚያው በሽንት መንገድ በኩል ገብቶ ዕጢውን ፍቆ ያወጣዋል፤ ሆድ አይቀደድም። የተፈቀው ሥጋ ወደ ላቦራቶሪ ይላካል። የሚመጣው ወረቀት ሁለት ነገር ይናገራል፦ ምን ያህል ጠልቋል፣ ጠባዩስ የዋህ ነው ወይስ ክፉ? ይህን ወረቀት ከሆስፒታሉ ሳትቀበሉ አትውጡ። «የተላከው ሥጋ ውስጥ የፊኛው ጡንቻ አለበት ወይ?» ብላችሁም ጠይቁ። ጡንቻው ከሌለበት ጥልቀቱ በእርግጥ አይታወቅም፤ ብዙ ጊዜ ከጥቂት ሳምንት በኋላ ሁለተኛ መፋቅ ይታዘዛል። ለወንድሜም ታዝዞለታል።

የእሱ ጠባየ ክፉው ስለነበር ቢሲጂ ታዘዘለት። ቢሲጂ ማለት ብዙዎቻችን በልጅነታችን ክንዳችን ላይ የተወጋነው፣ ጠባሳው የቀረብን ክትባት ነው። አገር ቤት ላሉት ዘመዶች በስልክ ስንነግራቸው «የሳንባ ነቀርሳም ያዘው እንዴ?» ብለው አለቀሱ። በቋንቋችን ነቀርሳ የሚለው ቃል ለሁለቱም ስለሚነገር አልፈርድባቸውም። ነገሩ እንዲህ ነው፦ እ.ኤ.አ. በ1976 ካናዳ ውስጥ ዶክተር ሞራሌስ የተባሉ ሐኪም ይህ ክትባት ፊኛ ውስጥ ሲጨመር የሰውነትን መከላከያ ቀስቅሶ ካንሰሩ እንዳይመለስ እንደሚያግዝ አሳዩ። ከዚያ ወዲህ ዓለም ሁሉ ይጠቀምበታል። በሳምንት አንድ ጊዜ ለስድስት ሳምንት ይሰጣል። ከዚያ እንደ በሽታው ዓይነት በየጥቂት ወሩ ሦስት ሦስት ሳምንት እየተደገመ ከአንድ እስከ ሦስት ዓመት ሊሄድ ይችላል።

ለአስታማሚ የሚሆን ምክር ልጨምር። መድኃኒቱ ከተጨመረ በኋላ በሽተኛው እስከ ሁለት ሰዓት ድረስ ሳይሸና ይይዘዋል። ከዚያ በኋላ ባሉት ስድስት ሰዓታት ወንድም ቢሆን ተቀምጦ ይሽና፤ መጸዳጃው ውስጥ በረኪና፣ እዚህ ጂክ የምንለውን፣ ጨምሮ ሩብ ሰዓት ያህል ቆይቶ ውኃ ይልቀቅበት። ማቃጠልና ቶሎ ቶሎ መሽናት አንድ ሁለት ቀን ይኖራል። ነገር ግን የሚያንቀጠቅጥ ብርድና የማይበርድ ትኩሳት ከመጣ ሌሊትም ቢሆን ሐኪም ቤት ነው። እዚያም ስትደርሱ የመጀመሪያው ቃላችሁ «ቢሲጂ ወስዷል» የሚል ይሁን። ቢሲጂ ደግሞ በዓለም ላይ በተደጋጋሚ እጥረት የሚታይበት መድኃኒት ስለሆነ፣ ቀጠሮው ከመድረሱ በፊት መኖሩን በስልክ አረጋግጡ። ከጠፋም ተስፋ አትቁረጡ፤ ፊኛ ውስጥ የሚጨመሩ ሌሎች መድኃኒቶች ስላሉ ሐኪሙን ጠይቁ።

እንግዲህ ቀጠሮው የሚጀምረው እዚህ ላይ ነው። ጡንቻ ያልነካው ካንሰር በአምስት ዓመት ውስጥ የመመለስ ዕድሉ እንደ ዓይነቱ ከመቶ ከ31 እስከ 78 ይደርሳል። ስለዚህ ከመፋቁ ሦስት ወር በኋላ በካሜራ ይታያል። ጠባየ ክፉ ለሆነው ለሁለት ዓመት በየሦስት ወሩ፣ ከዚያ እስከ አምስት ዓመት በየስድስት ወሩ፣ ከዚያም በዓመት አንዴ። ቁጠሩት፤ በአምስት ዓመት ውስጥ ብቻ 14 ጊዜ ነው። በሽተኛው ደግሞ በመካከሉ ደኅና ነው። ይበላል፣ ይሠራል፣ ይስቃል። ደኅና የሆነ ሰው ደግሞ በሽታ ፍለጋ መሄድ ይከብደዋል። «አሁንስ ምን ሆኜ ነው?» ይላል። ገንዘቡም አለ፣ የሥራ ቀንም ይበላል። ብዙ ሰው ከሦስተኛው ከአራተኛው ቀጠሮ በኋላ ይቀራል።

እኔ በሱቄ የማውቀውን ዘዴ ተጠቀምኩ። የዱቤ ደብተር የያዘ ሰው ቀን አይረሳም። ለወንድሜ አንድ ደብተር ገዝቼ ቀጠሮውን ሁሉ እንደ ዱቤ ጻፍኩት፦ ቀኑን፣ የሐኪሙን ስም፣ ያገኘውን፣ ያዘዘውን፣ የተከፈለውን። ሲከፈል ይሰረዛል፤ አዲሱ ቀን ይጻፋል። ከሳምንት በፊት እደውልለታለሁ፣ በቀኑ ከቤቱ እወስደዋለሁ። ሐኪም በተቀየረ ቁጥር ከደብተሩ እያነበብን እንነግረዋለን። አንድ ዓመት ተኩል ሲሆነው፣ እሱ ምንም ሳይሰማው፣ በአንዱ ቀጠሮ ካንሰሩ ተመልሶ ወደ ጡንቻው መግባት እንደጀመረ ታየ። ያን ቀጠሮ ቀርቶ ቢሆን ኖሮ ዛሬ እዚህ አይቀመጥም ነበር ያሉት ሐኪሙ ናቸው።

ጡንቻ ከነካ ነገሩ ይለወጣል። ሐኪሞቹ መጀመሪያ በደም ሥር የሚሰጥ የካንሰር መድኃኒት፣ ከዚያ ፊኛውን ጨርሶ ማውጣት አሉ። ወንድሜ ፊኛው ወጥቶ በሆዱ ላይ በተለጠፈ ከረጢት እንደሚሸና ሲሰማ «በቃኝ፣ እንዲህ ሆኜ ከምኖር ልሙት» አለ። ሽማግሌ ላክን፣ የንስሐ አባቱ መከሩት፣ ልጆቹ አለቀሱ፤ እሱ ግን ቃሉን አልለወጠም። ሐኪሙ ደግሞ ከሦስት ወር በላይ መዘግየት የመዳን ዕድሉን እንደሚቀንስ ነግረውናል።

እምቢታውን የሰበረው ከዘመዶቹ አንዳችንም አልነበርንም። ነርሷ ከአንድ ጡረታ የወጡ ኬንያዊ መምህር ጋር አገናኘችን። ምዋሊሙ ቤታቸው ጋብዘውን፣ ሻይ ጠጥተን፣ አንድ ሰዓት ያህል ስለ ልጆችና ስለ ፖለቲካ ከተጫወትን በኋላ «ለመሆኑ ከረጢቴ የት እንዳለ አወቃችሁ?» አሉ። አላወቅንም። ሸሚዛቸውን ገለጥ አድርገው አሳዩን። ለሰባት ዓመት ይዘውት ኖረዋል፤ ሽታ የለውም፣ ከልብስ ላይ አይታይም። ወንድሜ መንገድ ላይ ዝም ብሎ ቆይቶ «ቀኑ መቼ ነው?» አለኝ። ያለፈበት ሰው የሚናገረውን ያህል የሌላው ሰው ምክር አይሰማም። ዛሬ ወንድሜም በተራው ሦስት ሰዎችን እንዲሁ አነጋግሯል።

ቀዶ ጥገናው ከተደረገ ሦስት ዓመት አለፈው። ከትንሹ አንጀት 15 ወይም 20 ሴንቲ ሜትር ያህል ተቆርጦ ከኩላሊት የሚመጡት ቱቦዎች ይገጠሙበታል፤ የአንጀቱ ሌላኛው ጫፍ በሆድ ቀኝ በኩል ወደ ውጭ ይወጣል። ሽንቱ በዚያ በኩል ወደ ከረጢቱ ይንጠባጠባል። መውጫው ቀይ፣ እርጥብና የማያምም ነው። ከጠቆረ ወይም ሽንት ካቆመ ሳትውሉ ሳታድሩ ሆስፒታል ሂዱ። በሽንቱ ውስጥ ነጭ ንፍጥ የመሰለ ነገር ቢታይ ግን አትደንግጡ፤ አንጀቱ በተፈጥሮው የሚያወጣው ነው።

በቤት ውስጥ የለመድነው ይህ ነው። ከረጢቱ ግማሽ ሳይሞላ ይደፋል። በየሦስት አምስት ቀኑ ይቀየራል፤ ጠዋት ምንም ሳይጠጣ ቢቀየር ጥሩ ነው፣ ያኔ ሽንቱ ስለሚያንስ። ቆዳው በንጹሕ ውኃ ብቻ ይታጠብና በደንብ ይደርቃል፤ ቅባት ያለው ሳሙና ከነካው ከረጢቱ አይጣበቅም። ቀዳዳው በመውጫው ልክ ይቆረጥ፤ ሰፍቶ ከተቆረጠ ሽንቱ ቆዳውን ይልጠዋል። ማታ ረዥም ቱቦ ያለው ትልቅ ከረጢት ይገጠምለትና ሳይነሳ ያድራል። ውኃ በብዛት ይጠጣ። በጾም ጊዜ እንዴት እንደሚሆን ሐኪሙንም የንስሐ አባቱንም፣ ሙስሊም ከሆነ ሸኹን ያማክር።

ከረጢቱ እንዳያልቅ መጠበቅ ራሱን የቻለ ሥራ ነው። እንደ ሱቅ ዕቃ ቁጠሩት። አሥር ሲቀር ሌላ ይታዘዝ፤ የመጨረሻው እስኪደርስ አይጠበቅ። ለመንገድ ሲወጡ ለሁለት ተከፍሎ ግማሹ በእጅ፣ ግማሹ በሻንጣ ይሁን። ፀሐይ በሚመታው መኪና ውስጥ አይቀመጥ፤ ማጣበቂያው ይበላሻል። ወንድሜ በዚህ ዓይነት ለእህታችን ልጅ ሠርግ በሞያሌ በኩል በአውቶቡስ አገር ቤት ደርሶ ተመልሷል።

ሰው አፍ አውጥቶ የማይጠይቃቸው ሁለት ነገሮች አሉ፤ እኔ ልናገራቸው። አንደኛው ቤተ ክርስቲያን ወይም መስጊድ ስለ መግባት ነው። ወንድሜ ለወራት ከቤተ ክርስቲያን ቅጥር ውጭ ቆሞ ሲያስቀድስ ቆይቶ በመጨረሻ የንስሐ አባቱን ጠየቃቸው፤ እሳቸውም ገስጸው አስገቡት። ሙስሊም ወዳጆቻችን እንደነገሩኝም፣ ሽንቱን መቆጣጠር የማይችል ሰው ለየሶላቱ ወቅት ውዱእ እያደረገ ይሰግዳል። ስለዚህ ማንም ራሱን ከፈጣሪው ቤት አያርቅ፤ አባቶችን ይጠይቅ። ጠበልም ከሕክምና አያጣላም። ብፁዕ ወቅዱስ አቡነ ጳውሎስ እ.ኤ.አ. በ2007 የኤች.አይ.ቪ. መድኃኒት የሚወስዱ ምእመናን መድኃኒቱንም ጠበሉንም አብረው እንዲይዙ መክረው ነበር፤ ለዚህም በሽታ ያው ምክር ይሠራል። ሁለተኛው የባልና የሚስት ነገር ነው። ይህ ቀዶ ጥገና በትዳር ሕይወት ላይ ለውጥ ሊያመጣ ይችላል። ባልና ሚስት አብረው ሆነው ከቀዶ ጥገናው በፊት ሐኪሙን ይጠይቁ። መልስና እርዳታ ያለው ጥያቄ ነው፤ ነውር አይደለም።

ስለ አስታማሚም ልናገር። በወንድሜ ቤት ዋናዋ አስታማሚ እኔ ሳልሆን ባለቤቱ እትዬ ናት። እኔ ቀጠሮ እይዛለሁ፣ መኪና እነዳለሁ፤ ሌሊት የፈሰሰ አንሶላ የምትቀይረው ግን እሷ ናት። ጠያቂ ሲመጣ ቡና የምታፈላውም እሷው ናት። አንድ ቀን «ሃያ ሰው ጠየቀው፤ እኔን ግን አንድም ሰው አንቺስ እንዴት ነሽ አላለኝም» አለችኝ። ጥየቃችን መልካም ባህል ነው፤ አይቅር። ግን ደውላችሁ ሂዱ፣ ሃያ ደቂቃ ይብቃችሁ፣ «ምነው ከሳህ? እገሌ እንኳን በዚሁ ሞተ» አትበሉ። ከተቻላችሁ አንድ ከሰዓት በኋላ እናንተ ከበሽተኛው ጋር ተቀምጣችሁ እሷን ገበያ ወይም ቤተ ክርስቲያን ላኳት።

ገንዘብን በሚመለከት ሁለት ቃል ብቻ። ኤስ.ኤች.ኤ. የተባለው የኬንያ የጤና መድን እ.ኤ.አ. ከኦክቶበር 2024 ጀምሮ የቀድሞውን ኤን.ኤች.አይ.ኤፍ. ተክቷል። የመኖሪያ ወረቀታችሁ የሚፈቅድላችሁ መሆኑን ጠይቃችሁ ሳትታመሙ ተመዝገቡ፤ ከሕክምናው በፊትም የትኛው እንደሚሸፈን በጽሑፍ ጠይቁ። ሌላው፣ በሽታው እንደተሰማ ቤትና መኪና ሸጦ ወደ ሕንድ ወይም ወደ ባንኮክ መሮጥ አለ። መጀመሪያ የላቦራቶሪው ወረቀት በእጃችሁ ይግባ፣ ሁለተኛ ሐኪም ይየው፣ ከዚያ ይወሰን። ውጭ አገር ሄዶ የሚታከም ሰውም ተመልሶ በየሦስት ወሩ የሚታየው እዚሁ ስለሆነ፣ ለዚያ የሚሆን ገንዘብ ይተርፍ። ሕመሙ ለጠናበት ደግሞ እዚህ ከተማ ናይሮቢ ሆስፒስ እ.ኤ.አ. ከ1990 ጀምሮ ያገለግላል። ሥቃይን ማስታገስ ለሟች ብቻ አይደለም፤ ሕክምና ላይ ላለም ነው።

እንግዲህ የማኅበራችንን የወደፊት 25 ዓመት ስናስብ ሦስት ነገር እንድንጨምር እለምናለሁ።

አንደኛ፣ የቀጠሮ ሸኚዎች ይመረጡ። በማኅበሩ ጽሕፈት ቤት አንድ ደብተር ይቀመጥ፤ የታመመ ሰው ስሙ እንዳይወጣበት በቁጥር ይመዝገብ፣ ቀጠሮው ይጻፍ፣ አንድ ሸኚ ይመደብለት። እንግሊዝኛና ስዋሂሊ የሚችሉ ወጣቶቻችን አማርኛ፣ ኦሮምኛና ትግርኛ ብቻ ለሚናገሩት እናቶችና አባቶች አስተርጓሚ ይሁኑ። አንዲት እናት ስለ ሽንቷ በልጇ በኩል መናገር ታፍራለች፤ ለእሷ ሴት አስተርጓሚ ትመደብላት።

ሁለተኛ፣ ከጽሕፈት ቤቱ መደርደሪያ አንዱ ለሽንት ከረጢትና ለመሳሰለው ይሁን። ዕቃው ከገበያ ሲጠፋ ያለው ለሌለው ያበድር። እኔ ከሱቄ መጀመሪያውን አስቀምጣለሁ።

ሦስተኛ፣ ለረዥም በሽታ የምናዋጣው ገንዘብ በአንድ ቀን በብዛት ሳይሆን በየወሩ በጥቂቱ ይሁን። መጀመሪያ ላይ ብዙ ሰጥተን በሁለተኛው ዓመት የምንረሳው ሰው፣ ካንሰሩ የሚመለስበት በዚያው በሁለተኛው ዓመት ሊሆን ይችላል። «ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል» እንዲሉ፣ ትንሽም ቢሆን የማይቋረጥ ይሻላል።

በመጨረሻም እዚህ አዳራሽ ውስጥ ሆናችሁ፣ በልባችሁ «እኔም አይቻለሁ፣ ግን ቆሟል» እያላችሁ የምትሰሙኝ ካላችሁ፣ ለእኔ መንገር የለባችሁም፤ ለኮሚቴውም መንገር የለባችሁም። ዛሬ ማታ ለባለቤታችሁ ወይም ለልጃችሁ ንገሩ፣ ሰኞ ጠዋት ሐኪም ቤት ሂዱ። ከሐኪም ውጭ ያለፈበትን ሰው ማነጋገር የምትፈልጉ ካላችሁ ወንድሜ ፈቃደኛ ነው፤ ከስብሰባው በኋላ በሩ አጠገብ ይቆያል።

ፈጣሪ ለታመሙት ምሕረትን፣ ለሚያስታምሙት ጉልበትን፣ ለማኅበራችንም ረዥም ዕድሜ ይስጥልን።